ጎማው የሚያልቀው ከውስጥ ነው

ጠጋ በሉ። መካኒኮች እርስ በርስ የምንነጋገረውን፣ ለባለ መኪናው ግን ሳንናገር የምናልፈውን ልንገራችሁ።

የአሮጌ ሃይሉክስ ፒክአፕ የራዲያተር ጎማ ውጪው ለስላሳ ሆኖ ውስጡ ተሰነጣጥቆ ሊገኝ ይችላል። ብረቱ፣ ኩላንቱና ጎማው ሲገናኙ ደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይፈጠራል፤ ጎማውን ከውስጥ ወደ ውጪ የሚሰነጥቀው እሱ ነው። ስንጥቁ የሚበዛውም ከጫፉ 5 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ርቀት፣ ፋሸታው በሚያስርበት አካባቢ ነው። ስለዚህ ሞተሩ በርዶ ሳለ መሃሉን ብቻ ሳይሆን ጫፎቹን ጨምቁ። ጫፉ ከመሃሉ ይልቅ ከላላ፣ ወይም ጣታችሁ ስር ስንጥቅ ከተሰማችሁ ቀኑ ደርሷል። አባይ በረሃ ወርዳችሁ ወደ ደጀን ስትወጡ ከሚፈነዳ፣ ግቢያችሁ ውስጥ ቀይሩት።

መሣሪያው ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ምላጭና ባልዲ ነው። ሞተሩ ሳይበርድ የራዲያተሩን ክዳን አትንኩ። ኩላንቱን ባልዲ ውስጥ አውርዱና ወዲያው ክደኑት፤ ጣፋጭ መርዝ ስለሆነ ልጅም ውሻም እንዳይደርስበት። ቦይ ውስጥም አትድፉት።

የደረቀ ጎማ አልወጣም ሲል ብዙ ሰው ይጠመዝዘዋል፣ በካቻቢቴ ይፈነቅለዋል። የአብዛኞቹ ራዲያተሮች አፍ ደግሞ ፕላስቲክ ነው። እሱ ከተሰበረ የጎማ ሥራ የነበረው የራዲያተር ግዢ ይሆናል። አሮጌው ጎማ የሚጣል ነውና አትሳሱለት፤ በምላጭ በቁመቱ ሰንጥቃችሁ ላጡት፣ አፉን ሳትጭሩ።

የተላጠውን ይዛችሁ ሶማሌ ተራ ወዳሉት የመለዋወጫ ሱቆች ሂዱ። መታጠፊያውንና የውስጡን ስፋት ከአዲሱ ጋር አስተያዩ። የታችኛው ጎማ ውስጥ ስፕሪንግ ከነበረ አዲሱም ሊኖረው ይገባል፤ ፓምፑ ውሃ ሲስብ ጎማው ተጨምቆ እንዳይዘጋ የሚያደርገው እሱ ነው። ሻጩ «አያስፈልግም» ቢላችሁ ሌላ ሱቅ ግቡ።

አሁን በጣም የሚያበሳጨኝን ልንገራችሁ። አዲሱን ለማስገባት ዘይት ወይም ግሪስ ይቀባል፤ በየጋራዡ የምታዩት ነው። ይህ ጎማ ሙቀትና ውሃ ይችላል፤ የሞተር ዘይት ግን ያሳብጠዋል፣ ያላላዋል። ትንሽ የሳሙና ውሃ ይበቃል። የፋብሪካው የስፕሪንግ ፋሸታም ካልዛገ አይጣል። ጎማው ሲሞቅና ሲበርድ አብሮ እየሰፋና እየጠበበ ይይዘዋል፤ በብሎን የሚጠብቀው ይህ የለውም፣ ከመጠን በላይ ሲጠብቅም ጎማውን ይቆርጣል። የትኛውም ፋሸታ ቢሆን ከአፉ ጫፍ እብጠት ኋላ ይቀመጥ።

ስለ ክዳኑ ደግሞ ማንም አይነግራችሁም። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ተራ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የሞተሩ ቴርሞስታት ብዙውን ጊዜ ከ80 ዲግሪ ጥቂት አለፍ ብሎ ይከፈታል፤ ልዩነቱን እናንተው አስሉት። ውሃውን ከመፍላት የሚያዘገየው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው፤ 0.9 የተጻፈበት ጤነኛ ክዳን እዚሁ ከተማ መፍያውን ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ አዲስ የራዲያተር ጎማ ገጥማችሁም መኪናው ይፈላል፤ ያኔ «ቴስታታ ነው» የሚል አይጠፋም። ክዳኑን አብራችሁ ቀይሩ።

ስትሞሉ ኩላንቱን በቧንቧ ውሃ አትበርዙት፤ ማዕድኑ ራዲያተሩ ውስጥ ይጋገራል። የመኪናውን ፊት ወደ ዳገት አዙሩ፣ የጋቢናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ክፈቱ፣ ክዳኑ ሳይዘጋ ሞተሩን አስነሱ። ራዲያተሩ መሞቅ እስኪጀምርና አረፋው እስኪቆም በቀስታ ጨምሩበት፣ ፊታችሁን ከአፉ አርቃችሁ። ከዚያ ዝጉት።

በማግስቱ ጠዋት ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት ክዳኑን ከፍታችሁ እዩ። ጥቂት ከጎደለ ተደብቆ የቀረው አየር ወጥቶ ነው፤ ሙሉትና የፋሸታዎቹን ሥር በጣታችሁ ዳስሱ። ሌሊት ሲበርድ የሚያንጠባጥብ ካለ የምታገኙት ያን ሰዓት ነው።