«ካሜራሽን ክፈቺ!»

እናንተዬ፣ ጉዴን ላውራችሁ! መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና የተነሳ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የማስተርስ ትምህርቴን በኢንተርኔት ቀጠልኩ። መጀመሪያማ «ከታክሲ ሰልፍ ተገላገልኩ» ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ደስታዬ ሳምንትም አልዘለቀ። ቤታችን አንድ ክፍል ናት። እኔ በሞባይል ስማር እማዬ ሽንኩርት ታቁላላለች፣ ታናሽ ወንድሜ ኳስ ያነጥራል። የገዛሁት የዳታ ጥቅል እልም ይላል፤ ዳታው ሲኖር ደግሞ መብራት ይጠፋል። መምህሩ «ካሜራሽን ክፈቺ» ሲሉኝ ቤታችን እንዳይታይ «ኔትወርክ እምቢ አለኝ» ብዬ እዋሻለሁ። ውሸቱ ሲበዛ መግባቱንም ተውኩት። እንቅልፍ አጣሁ፤ «ትምህርቱ ይቅርብኝ» እስከማለት ደረስኩ።

አንድ ማታ የክፍሌ ልጅ ደወለች። «ምነው ጠፋሽ?» ስትለኝ እንባዬ ቀደመኝ። ለካ እሷም የኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ ነው የምትማረው! ከዚያ ወዲህ አንዳችን ዳታ ሲያልቅብን ሌላችን ማስታወሻ በቴሌግራም እንልካለን። ለመምህሩም እውነቱን ነገርኳቸው። «በድምፅ ብቻ ግቢ» አሉኝ። በቃ፣ ይኸው ነበር!

ጎበዝ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። እኔን የጎዳኝ ከኔትወርኩ ይልቅ ዝምታዬ ነው። እናንተም ከጨነቃችሁ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ደውሉ።