ምን እንያዝ? ምን እንተው? ለጀማሪ የተራራ ተጓዦች

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወጣቶች ተሰባስበው ወደ ተራራና ወደ ደን በእግር መጓዛቸው መልካም ልማድ ነው። ሰውነትን ያጠነክራል፤ ጓደኛን ከጓደኛ ያስተዋውቃል፤ የአላህን ፍጥረት በቅርብ ለማስተዋል ዕድል ይሰጣል። ይሁን እንጂ ብዙ ጀማሪዎች ከመጀመሪያው ጉዟቸው «ሁለተኛ አይለምደኝም» እያሉ ይመለሳሉ። ምክንያቱን ሲጠየቁ ዳገቱን ይወቅሳሉ። ቦርሳቸው ተከፍቶ ቢታይ ግን ጥፋቱ የዳገቱ ብቻ አለመሆኑ ይገለጻል። ሦስት ሱሪ፣ ሁለት ብርድ ልብስ፣ የብረት ድስትና ለድግስ የሚበቃ ዳቦ ታጭቆበታል፤ የዝናብ ልብስ ግን የለም።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብም ይኸው ነው። ቀላል ሸክም በገንዘብ ብቻ የሚገዛ አይደለም። አብዛኛው ቅለት የሚገኘው ትርፉን ዕቃ ቤት ትቶ በመሄድ ነው። በአንጻሩ ደግሞ እግርን ከቁስል፣ ሰውነትን ከእርጥበትና ከብርድ የሚጠብቁት ዕቃዎች ምንም ቢሆን የሚተዉ አይደሉም። ጀማሪ ተጓዥ እነዚህን ሁለቱን ለይቶ ካወቀ ግማሹን መንገድ እንደሄደ ይቆጠራል።

ባሌን ለምሳሌ

ነገሩን በምሳሌ ለማየት የባሌ ተራሮችን እንውሰድ። ዋና ጽሕፈት ቤቱ ዲንሾ የሚገኘው ይህ ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ቀይ ቀበሮና የደጋ አጋዘን ለማየት፣ ከሰነቴ አምባ ወደ ሐረና ደን ለመውረድ የሚመኝ ወጣት ብዙ ነው። ዳሩ ግን የሰነቴ አምባ ከባሕር ጠለል በላይ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ሲሆን፣ የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ በ2,700 ሜትር ገደማ ላይ ከምትገኘው ከጎባ ተነስቶ ሰነቴ የወጣ ሰው፣ ሰዓቱ ሳይቀየር 8 ዲግሪ ያህል የቀዘቀዘ አየር ይጠብቀዋል። ሌሊት ደግሞ ሰማዩ ጥርት ሲል ከዜሮ በታች ይወርዳል። ቀን በሸሚዝ የዋለ ልጅ ማታ የሚደርቅ ልብስና የሚሞቅ መኝታ ካላገኘ ነገሩ ከምቾት ማጣት አልፎ ለሕይወት ያሰጋል።

ከእግር እንጀምር

ገንዘባችን ውስን ከሆነ መጀመሪያ የሚወጣው ለጫማ ነው። ጫማ የሚገዛው ከሰዓት በኋላ፣ እግር ትንሽ አበጥ ካለ ወዲያ፣ ለጉዞው በሚለበሰው ካልሲ ተለክቶ ነው። ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍት ቦታ መኖር አለበት። አለበለዚያ ቁልቁለት ላይ ጣቶች ከጫማው አፍ ጋር እየተጋጩ ጥፍር ይጠቁራል። ሶሉ ጎድጎድ ያለና የማያንሸራትት ይሁን። አዲስ ጫማ አድርጎ በቀጥታ ተራራ መውጣት አይገባም፤ ቢያንስ ሁለት ሳምንት በሰፈርና በዳገት መለማመድ ያስፈልጋል።

ካልሲ የሱፍ ወይም ሱፍ የተቀላቀለበት ይመረጣል። ሁለት ጥንድ ይበቃል፤ አንዱ ሲለበስ ሌላው ይደርቃል። የጥጥ ካልሲ ላብ ይዞ ስለሚቆይ እግር ቶሎ ውኃ ይቋጥራል። መንገድ ላይ ተረከዝ ማቃጠል ሲጀምር «እስከ ሰፈራችን ልድረስ» ማለት ሳይሆን ወዲያው ቆሞ ፕላስተር መለጠፍ ነው። አምስት ደቂቃ የሰሰተ ተጓዥ ሁለት ቀን ያነክሳል።

የጀርባ ቦርሳ

ብዙ ሰው ቦርሳ ሲመርጥ የሚያየው ቀለሙንና የኪሱን ብዛት ነው። መታየት ያለበት ግን የወገብ ቀበቶው ነው። ጥሩ ቦርሳ አብዛኛውን ክብደት በዳሌ አጥንት ላይ ያሳርፋል፤ የትከሻው ማንገቻ ቦርሳው ወደ ኋላ እንዳይወድቅ ከመያዝ ያለፈ ሥራ የለውም። የወገብ ቀበቶ የሌለው የተማሪ ቦርሳ 10 ኪሎ ሲጫንበት ሁሉም በትከሻና በአንገት ላይ ይወድቃል።

የቦርሳው ቁመት ከሰውየው ቁመት ይልቅ ከጀርባው ርዝመት ጋር መስማማት አለበት። አንገት ወደ ፊት ሲደፋ ከበስተኋላ ጎላ ብሎ ከሚወጣው አጥንት አንስቶ እስከ ዳሌ አጥንት አናት ድረስ በሜትር ይለካል። ሁለት እኩል ቁመት ያላቸው ወንድማማቾች የተለያየ የጀርባ ርዝመት ሊኖራቸው ይችላል። ስለዚህ ቦርሳ ባዶውን ሳይሆን ክብደት ተጨምሮበት፣ ቀበቶው ታስሮ፣ ጥቂት ተራምደውበት ይመረጣል።

ለሁለትና ለሦስት ሌሊት ከ40 እስከ 55 ሊትር የሚይዝ ይበቃል። ትልቅ ቦርሳ ክፍት ቦታው ስለሚያጓጓ ትርፍ ዕቃ ይጋብዛል። ሲታሸግ መኝታው ከታች፣ ከባዱ ዕቃ መካከል ላይ ወደ ጀርባ ተጠግቶ፣ የዝናብ ልብሱ ከሁሉም በላይ ይሁን። ልብስና መኝታ በወፍራም ፌስታል ተጠቅልለው ቢገቡ ዶፍ ቢወርድም ደረቅ ነገር አይታጣም።

መኝታና ድንኳን

ስሊፒንግ ባግ የሚባለው የመኝታ ከረጢት ሁለት ዓይነት ነው። የላባው ቀላልና በጣም ሞቃት ነው፤ ከራሰ ግን ሙቀቱን ያጣል፤ ዋጋውም ውድ ነው። በሰው ሠራሽ ጭረት የተሞላው ከበድ ይላል፤ ዋጋው ረከስ ያለ ሲሆን እርጥበትንም ይሻላል። ለጀማሪ ሁለተኛው ይበቃል። በከረጢቱ ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት የሙቀት ቁጥሮች ይጻፋሉ። አንዱ ሰው ተመችቶት የሚተኛበት ሲሆን፣ ዝቅ ያለው ደግሞ ተኮራምቶ የሚያድርበት ወሰን ነው። ነጋዴ የሚጠራው ዝቅተኛውን ነው፤ ገዢ ግን ማመን ያለበት የምቾቱን ቁጥር ነው።

ከሥር የሚነጠፍ ስፖንጅም አይረሳ። በሰውነት ክብደት የተጨፈለቀ ከረጢት ከታች ሙቀት አይሰጥም፤ ቀዝቃዛ መሬትም ሙቀትን ከሰውነት ይወስዳል። 400 ግራም የሚመዝን ስፖንጅ ከሁለተኛ ብርድ ልብስ የበለጠ ይጠቅማል።

ድንኳን ለብቻ መሸከም አያስፈልግም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዲሉ፣ አንዱ ሸራውን፣ ሌላው ዘንጉንና ካስማውን ይይዛል። ድስትና ምድጃም እንዲሁ በቡድን አንድ ይበቃል።

ልብስ

ጋቢ ለቤትና ለደረቅ አየር የሚወዳደረው የለም። ከራሰ ግን ውኃ ጠጥቶ ይከብዳል፤ ሙቀት መያዙንም ያቆማል። ጂንስ ሱሪም እንዲሁ ነው። የተሻለው ዘዴ ሦስት ስስ ድርብርብ መልበስ ነው፦ ከውስጥ ላብ ቶሎ የሚያደርቅ፣ በላዩ የሱፍ ሹራብ ወይም ፍሊስ የሚባለው ለስላሳ ሹራብ፣ ከሁሉም በላይ ነፋስና ዝናብ የማያስገባ ጃኬት። ስንወጣ እናወልቃለን፤ ስንቆም እንደርባለን። ሱፍ ቢርስም ሙቀቱን ጨርሶ አያጣም። ጥሩ የሱፍ ሹራብ ደግሞ ከሳልቫጅ ልብስ መካከል በትንሽ ገንዘብ ሊገኝ ይችላል።

እህቶቻችን የሚለብሱት ረጅም የጥጥ ቀሚስ ጫፉ በጤዛ ከራሰ እያደር ይከብዳል፤ እግርም ይጠልፋል። ሰፋ ያለ፣ ቶሎ የሚደርቅ ሱሪ ከጉልበት በታች ከሚወርድ ሰፊ ልብስ ጋር ቢለበስ ሥርዓቱም ሳይጓደል እርምጃውም ይቀላል። ሒጃቡም ስስና ቶሎ የሚደርቅ ቢሆን፣ ለቅያሪ ሌላ አንድ ቢያዝ ይበቃል። ለሁሉም ኮፍያና ጓንት ያስፈልጋል።

ስንቅና ውኃ

የአባቶቻችን የመንገድ ስንቅ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የባሌና የአርሲ ጭኮ ክብደታቸው ትንሽ፣ ጉልበታቸው ብዙ ነው። ተምር ሲጨመርበት የተሟላ ይሆናል። ለአንድ ሰው በቀን ከ600 እስከ 700 ግራም ደረቅ ምግብ ይታሰብ። በጣሳ የታሸገ ምግብ ግን ግማሹ ውኃና ቆርቆሮ ስለሆነ ቤት ይቅር።

አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው። ስለዚህ የውኃ ምንጭ ያለበትን ቦታ አስቀድሞ ጠይቆ በአንድ ጊዜ ከሁለት ሊትር ያልበለጠ መያዝ ይሻላል። የተራራ ጅረት ንጹሕ ቢመስልም ከብት ይጠጣበታልና መፍላት አለበት። ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ።

ለሶላት የሚያስፈልገው

ለሶላት ተብሎ የሚጨመር ሸክም የለም ማለት ይቻላል። ንጹሕ የሆነው የመኝታ ስፖንጅ መስገጃ ይሆናል። ቂብላን በተመለከተ ዲንሾና መካ በአንድ የኬንትሮስ መስመር አቅራቢያ ስለሚገኙ፣ ከባሌ ተራሮች ቂብላው ወደ ሰሜን ቀጥ ያለ ነው ለማለት ይቻላል። ለመንገድ የተያዘችው ትንሽ ኮምፓስ ለሁለቱም ታገለግላለች። ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን ጫማ በጠሃራ ላይ ከተደረገ ሙሳፊር ሦስት ቀን ከነሌሊቱ በላዩ ማበስ እንደሚፈቀድለት የታወቀ ነው። በብርድ ቦታ ይህ ምን ያህል ማቅለያ እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል። ዝርዝሩን ከመነሳት በፊት ከኡስታዞቻችን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሚዛኑ ምን ይላል?

ለጀማሪ የሚመከረው የሸክም ጣሪያ ከራሱ ክብደት አንድ አምስተኛው ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ወጣት 12 ኪሎ መሆኑ ነው። እስቲ እንደምር፦ ቦርሳ 1.5፣ የድንኳን ድርሻ 1.2፣ የመኝታ ከረጢት 1.5፣ ስፖንጅ 0.4፣ ቅያሪና የዝናብ ልብስ 2፣ የሦስት ቀን ስንቅ 2፣ ውኃ 2፣ የግንባር ባትሪ፣ መድኃኒት፣ የድስት ድርሻና ጥቃቅን ነገር 0.9። ድምሩ 11.5 ኪሎ ነው። ለሦስተኛ ሱሪና ለብረት ድስት ቦታ እንደሌለ ልብ ይሏል። ለፈረስ ጭነት የሚከፍል ቡድን ቢሆንም እንኳ ውኃ፣ ሹራብና የዝናብ ልብስ ምንጊዜም ከራስ ጀርባ አይለዩ። ፈረሱ ወደ ኋላ ሲቀር ዝናቡ አይጠብቅምና።

ቅለት በትርፍ ገንዘብ እንደማይገኝ አንዲት እናት አስመስክረዋል። ኤማ ጌትውድ የተባሉት አሜሪካዊት የአሥራ አንድ ልጆች እናት እ.ኤ.አ. በ1955፣ በ67 ዓመታቸው፣ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመውን የአፓላቺያን የእግር መንገድ ብቻቸውን ከዳር እስከ ዳር ተጉዘውታል። ቦርሳቸው ራሳቸው የሰፉት የጨርቅ ከረጢት፣ ጫማቸው ሸራ ጫማ፣ የዝናብ መከላከያቸው የመታጠቢያ ቤት መጋረጃ ላስቲክ ነበር። የሸራ ጫማቸውን ለሰነቴ ብርድ አንመክርም። ሊቀዳ የሚገባው ምን መተው እንዳለባቸው ማወቃቸው ነው።

ለወላጆችና ለልጆች

ወላጆች ልጃቸው ለጉዞ ሲያስፈቅድ በደፈናው «አይሆንም» ከማለት አብረውት ቦርሳውን ቢፈትሹ መልካም ነው። ከማን ጋር እንደሚሄድ፣ መሪው መንገዱን የሚያውቅ መሆኑን፣ የአካባቢው ሁኔታ ሰላም መሆኑን ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ማጣራት የነሱ ድርሻ ነው። የዝናብ ልብስ ያልያዘ ልጅ ይዞ እስኪመጣ ድረስ ቢከለከል ደግሞ አይከፋም። ልጆችም ዕቃ ለማሟላት ዕዳ ውስጥ አይግቡ፤ ድንኳንና የመኝታ ከረጢት መዋስ ነውር የለበትም።

ከባሌ በፊት በቅርብ ቦታ መለማመድ ይገባል። የአዲስ አበባ ልጅ እንጦጦ ወይም መናገሻ ሱባ ደን ሙሉ ቦርሳውን ተሸክሞ አንድ ቀን ይዋል። ማታ ቤት ሲገባ ዕቃውን ሁሉ ምንጣፍ ላይ ዘርግቶ በሦስት ይክፈለው፦ የተጠቀምኩበት፣ ያልተጠቀምኩበት፣ ባልጠቀምበትም ለችግር ቀን የሚያስፈልገኝ። የዝናብ ልብስ፣ ባትሪና መድኃኒት ከሦስተኛው ወገን ናቸው፤ ተመልሰው ይገባሉ። ሁለተኛው ክምር ግን ቤት ይቀራል። ከፍ ባለ ቦታ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የበረታበት ጓደኛ ቢኖር ወደ ላይ መቀጠል ሳይሆን ወዲያው ወደ ታች ማውረድ እንደሚገባም ሁሉም አስቀድሞ ይስማማ።

አላህ መንገዳችሁን የቀና፣ መመለሻችሁን የሰላም ያድርግላችሁ።