ዝሆኔ ከአፈር እንጂ ከእርግማን አይመጣም፤ ወደ ሰውም አይተላለፍም

በዚህ ሳምንት በነርስነት በምሠራበት ጤና ጣቢያ፣ ከቡሬ ገጠር በእግሯ የመጣች አንዲት ወጣት፣ እግሮቿ ከጉልበት በታች ስላበጡ ብቻ፣ ሕሙማን ተራ ከሚጠብቁበት አግዳሚ ወንበር ተነሥታ ከበር ውጭ እንድትቆም ታዘዘች። ያዘዛትም ነገሩን የማያውቅ መንገደኛ ሳይሆን እንደ እኔው ነጭ ጋዋን የለበሰ ባለሙያ ነበር፤ ስለ ምን ብዬ ብጠይቀው «ዝሆኔ አይደለም ወይ? ይተላለፋል» ብሎ መለሰልኝ። ያልተማረ ሰው ቢሳሳት ይታረማል፤ የተማረው ሲሳሳት ግን ስሕተቱ ማኅተም እንዳረፈበት ደብዳቤ ከቀበሌ ቀበሌ ይዞራል። ስለዚህ ቸኵዬ እጽፋለሁና ያነበበ ላላነበበው ያድርስ።

1. ከደምበጫ በጅጋና በፍኖተ ሰላም አድርጎ እስከ ቡሬ ባለው አገር የምናየው፣ ዝሆኔ የምንለው የእግር እብጠት በአብዛኛው ፖዶኮንዮሲስ የሚባለው ነው። ይኸውም ከጥንታዊ እሳተ ገሞራ ዓለት የተገኘው ቀይ አፈር ለዓመታት በባዶ እግር ሲረገጥ፣ ለዓይን የማይታዩት የማዕድን ቅንጣቶቹ በቆዳ ዘልቀው የሊምፍ ሥሮችን እያስቈጡ ስለሚዘጉ፣ መሄጃ ያጣው ፈሳሽ እግርን የሚያሳብጥበት ደዌ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአገራችን ተመራምሮ ጥፋቱ የአፈሩ መሆኑን አስረድቷል፤ እኛ ግን ዛሬም መተት ነው፣ መርገም ነው እያልን እንከራከራለን።

2. አይተላለፍም። ተሕዋስ የሚያመጣው ደዌ አይደለምና በወንበርም፣ በማዕድም፣ በአልጋም፣ በጋብቻም ከሰው ወደ ሰው አይሻገርም። ስለዚህ ሕሙማንን ከእድርና ከሰንበቴ ማራቅ፣ የጽዋ ተራ መንሣት፣ በደል እንጂ ጥንቃቄ አይባልም።

3. «ዘሯ ነው» የሚለው ግማሽ እውነት ስለ ሆነ ከሙሉ ሐሰት ይልቅ ይጐዳል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ፣ በኢትዮጵያውያን ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት፣ አንዳንዱ ሰው በተፈጥሮው ለዚህ አፈር ይበልጥ የተጋለጠ መሆኑን አሳይቷል፤ ዳሩ ግን ተጋላጭነቱ ቢወረስም ደዌው ያለ አፈር አይመጣም። ሽማግሌ ልኮ የሙሽራይቱን ዘር የሚያስቈጥር ቤተሰብ፣ የሚወለዱት ልጆች ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ጫማ እንዲያደርጉ ቢመክር ይበጀው ነበር።

4. «ፋይላሪያ» ብሎ በካርድ ላይ ጽፎ ክኒን ሰጥቶ መሸኘት ሌላው ስንፍና ነው። በትንኝ የሚተላለፈው ፋይላሪያ እንደ ጋምቤላና እንደ ቤኒሻንጉል ባለው የምዕራብ ቆላ ይበዛል፤ የአፈሩ ደዌ ግን በደጋና በወይና ደጋ ሆኖ፣ ከእግር ጣቶች ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣ፣ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም እግር የሚይዝ፣ ከጉልበትም እምብዛም የማያልፍ ነው። የስሜት መጥፋት ካለ ሥጋ ደዌን መጠርጠር ይገባል። ይህን ሁሉ ለመለየት መጀመሪያ የሚያስፈልገው ተንበርክኮ እግሩን ማየትና መንካት ነው፤ የዚያችን ወጣት እግር ግን የነካው አልነበረም።

ስለ ምን አልተነካም? የነርስ ሥራ መርፌ መውጋትና መዝገብ መሙላት ሆኖ ስለ ተቈጠረ ነው። ጧት ጧት ሕሙማን በተሰበሰቡበት አንዱ ይቆምና ስለ ንጽሕና ለጥቂት ደቂቃ ይናገራል፤ የሰሚው ብዛት በመዝገብ ይሰፍራል፤ ቍጥሩም ወደ ወረዳ፣ ከወረዳውም ወደ ዞን ይወጣል፤ ሰሚው ገብቶት ይሆን ወይ ብሎ የሚጠይቅ ዓምድ ግን በቅጹ ላይ የለም። ሥልጠናው ከአበል ጋር በከተማ ሆቴል ይሰጣል፤ የተማሩትን ይዘው ወደ ገጠር እንውረድ ሲሉ ግን ለሞተሩ ነዳጅ ይታጣል። አልፎ አልፎም ጫማ ተጭኖ ይመጣል፤ ባነር ይሰቀላል፤ ፎቶ ይነሣል፤ ጫማው ግን የተሰፋው በደኅና እግር ልክ ነውና፣ ይበልጥ የሚያስፈልጋት ታቅፋው በባዶ እግሯ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

የቀደሙት እንዲህ አላሰቡም ነበር። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲቋቋም፣ የጤና መኰንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒታሪያን በአንድነት ሠልጥነው በአንድነት ወደ ጠቅላይ ግዛቱ ሁሉ እንዲወርዱ የተደረገው፣ ከሐኪም ቤት ተቀምጦ የታመመውን መጠበቅ ብቻውን ሕዝብን እንደማያድን ስለ ተረዱት ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር፣ 16 ፓኬጅ የተሸከሙት እኅቶቻችን ቤት ለቤት መዞር ያዙ፤ ነርሱ ግን መምህራቸውና ደጋፊያቸው ሊሆን ሲገባው «ያ የእነርሱ ሥራ ነው» ብሎ በሩን ዘግቶ ተቀመጠ። ይህን ሙያዬን ስለምወድ ያሳፍረኛል።

ነርሱ ሊያስተምረው የሚገባው ትምህርትስ ምንድን ነው? እግርን በየዕለቱ በውኃና በሳሙና ማጠብ፣ በጣቶች መካከል ያለውን አጥርቶ ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ ንጹሕ ካልሲና ጫማ ማድረግ፣ ሲቀመጡም ሲተኙም እግርን ከፍ ማድረግ። ይህ ቀላል ነገር እንዳይናቅ፦ በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ እንክብካቤውን ገና ባልጀመሩት ላይ በአንድ ሰው በዓመት 24 ጊዜ ያህል ይነሣ የነበረው ትኵሳትና የእግር መቃጠል፣ በጀመሩት ላይ ወደ 19 ያህል መውረዱን አሳይቷል። በእርሻ ወራት እያንዳንዱ መነሣት ገበሬውን ለቀናት ከአልጋ እንደሚያውለው የሚያውቅ፣ ይህ ልዩነት ስንት ጥማድ እንደ ሆነ ያሰላዋል። በአገራችንም አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል ሕሙማን እንዳሉ ይገመታል።

ካህናት አባቶቻችን ሆይ፣ ጠበሉን የሚከለክል የለም፤ ነገር ግን በጸሎተ ሐሙስ ሥርዓተ ሕፅበተ እግር ስትፈጽሙ የምእመናንን እግር በእጃችሁ ትይዛላችሁና፣ ያበጠ እግር መንጻት እንጂ መሰወር እንደማይገባው ከእናንተ በላይ አስረግጦ የሚናገር የለም፤ ከጠበሉ መልስም በሳሙና ይታጠቡ ብትሉ ከእኛ ከነርሶቹ ይልቅ ትሰማላችሁ።

ባልደረቦቼ ሆይ፣ ከመጻፋችሁ በፊት እዩ፤ ከመፍረዳችሁም በፊት ንኩ። ጫማ ልትረዱ የምታስቡም፣ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት የሕሙማኑን እግር አስለኩ፤ ከጫማውም ጋር ሳሙና ላኩ።