ከቢቸና የተጫነው ጤፍ የት ገባ?

በቢቸናና በሞጣ መሬት አይሸጥም እንጂ በእኩል ወይም በሲሶ ይታረሳል። ባለመሬቱ «ሲሶዬ 6 ኩንታል ጤፍ ደረሰኝ» ሲል የሰማ ደላላ፣ አውድማው ላይ 18 ኩንታል እንደተወቃ እርሳስ ሳያወጣ ያውቃል። 6ን በሲሶ አካፈለ ማለት ነው፤ በሲሶ ማካፈል ደግሞ በ3 ከማባዛት አይለይም። 12ቱ ኩንታል አራሹ ቤት እንዳለ ስለገባውም ወደዚያው ያቀናል።

ይኸው ብልህ ደላላ የሚሳሳተው ክፍልፋዩ ትንሽ ሲጠነክርበት ነው። ለአዲስ አበባ እህል በረንዳ 180 ኩንታል የተበጠረ ጤፍ ታዘዘ እንበል። ሲበጠር ከ10 እጅ አንዱ እጅ ገለባና አፈር ሆኖ ይወጣል ተብሎ ተገምቷል። ብዙው ነጋዴ የ180ን አንድ አሥረኛ፣ ማለትም 18 ኩንታል ጨምሮ 198 ይገዛል። ይሁን እንጂ ገለባው የሚወጣው ከተገዛው ከ198ቱ ላይ ነው። 19.8 ሲቀነስ 178.2 ይቀራል። ኩንታሉ 10,000 ብር ቢሆን የጎደለው 1.8 ኩንታል 18,000 ብር ነው፤ ጥፋቱም በሚዛኑ ወይም በሾፌሩ ይላከካል።

መገዛት ያለበትን «ሀ» እንበለው።

ሀ × 9/10 = 180

9/10 ማለት በ10 አካፍሎ በ9 ማባዛት ነው። ይህን ለመመለስ ተቃራኒውን፣ በ9 አካፍሎ በ10 ማባዛት ያስፈልጋል። ክፍልፋዩ የሚገለበጠው ለዚህ ነው። ሥራው በሁለቱም ወገን እኩል መሠራት አለበት፤ አንዱን ብቻ መንካት ሚዛን ላይ በአንድ በኩል ድንጋይ እንደመጨመር ነው። 180 ለ9 ሲካፈል 20፣ በ10 ሲባዛ 200 ኩንታል ይሆናል።

ዋጋ ሲተመንም ያው ነው። ከደጀን በቢቸናና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር በሚገባው መንገድ ላይ ያለ ነጋዴ፣ ጭነቱን ወደ ባሕር ዳርም ወደ አዲስ አበባም ሊያዞር ይችላል። ወዴትም ቢያዞር፣ ከሽያጩ አንድ አምስተኛው ለመኪና ኪራይ፣ ለኮሚሽንና ለትርፍ እንዲቀርለት ከፈለገና ኩንታሉን በ8,000 ብር ከገዛ፣ 1,600 ጨምሮ 9,600 ማለቱ አያዋጣውም። የ9,600 አምስተኛ 1,920 ስለሆነ ለመግዣው የሚተርፈው 7,680 ብቻ ነው። 8,000 የሽያጩ 4/5 ስለሆነ በ5/4 ይባዛል፤ 10,000 ብር ይመጣል። በ100 ኩንታል ልዩነቱ 40,000 ብር ነው።

ገዢው ከ9,600 አልፍም ካለ ነጋዴው መሸጥ ይችላል፤ የሚቀርለት ግን ከሽያጩ አንድ ስድስተኛው መሆኑን አውቆ፣ የመኪናውን ኪራይ ከመዋዋሉ በፊት ነው።