ከውጫሌ እስከ ሐይቅ ዳር፤ የእግር መንገዱና የዳርቻው ጉዳይ

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ወልድያ የሚጓዝ መንገደኛ ሐይቅንና ሱሉላን አልፎ ውጫሌ ይደርሳል። ብዙው ሰው ይህን አገር የሚያውቀው በመኪና መስኮት ነው። በስተቀኙ ውሃ ብልጭ ይልለታል፤ በስተግራው የአምባሰል ተራራ ይታየዋል፤ ሻይ ጠጥቶ ያልፋል። ዳሩ ግን ለእግረኛ ከዚህ የተመቸ አካባቢ በወሎ ጥቂት ነው። ገደል መውጣት ለማይችል ሽማግሌ፣ ልጆቹን ይዞ ለሚወጣ ቤተሰብ፣ የሳምንት ድካሙን ለማራገፍ ለሚሻ ሠራተኛ ሁሉ ልክ የሆነ የሜዳና የውሃ ዳር መንገድ እዚህ አለ። በዚህ ጽሑፍ ስለ መንገዱ እናወሳለን፤ ከመንገዱ ጋርም ስለ ሐይቁ ዳርቻ የሚያሳስበንን ጉዳይ እናነሣለን።

ከታሪክ ስፍራ መነሣት

ጉዞውን ከውጫሌ መጀመር ይበጃል። የአምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ውጫሌ ስሟ ከአገር አልፎ በዓለም የታወቀው በውሉ ምክንያት ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከኢጣሊያው መልእክተኛ ከኮንት አንቶኔሊ ጋር የተዋዋሉት በዚሁ አካባቢ፣ ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ ነበር። የአሥራ ሰባተኛው አንቀጽ የአማርኛውና የኢጣሊያንኛው ቃል አለመግጠሙ ያስከተለውን እያንዳንዱ ተማሪ ያውቀዋል። አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መጠቀም እንደሚችሉ ሲል፣ ኢጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። ነገሩ ሳይበርድ ቆይቶ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ተፈጸመ።

ይህን ታሪክ በመጽሐፍ ማንበብ አንድ ነገር ነው፤ በስፍራው ቆሞ አገሩን ዙሪያውን ማየት ደግሞ ሌላ ነው። ከውጫሌ ወጣ ብሎ የሚሄድ ሰው የማሽላና የጤፍ ማሳ፣ በእርከን የተሸነሸነ ኮረብታ፣ ከላይም የአምባሰልን ገደል ያያል። ከአራቱ የዜማ ቅኝቶቻችን አንዱ አምባሰል የሚለውን ስም የያዘው ከዚሁ አገር ነው። የግሸን ደብረ ከርቤ ማርያም ተሳላሚ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን የሚወጣውም ወደዚሁ የአምባሰል ምድር ነው። የግሸን መንገድ ግን ዳገቱ ብርቱ ስለሆነ ለዛሬው ወሬያችን አይመችም፤ ወደ ሜዳው እንመለስ።

ወደ ውሃው ዳር

ከውጫሌ ወደ ደቡብ በመኪና አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ሐይቅ ከተማ ይደረሳል፤ ከደሴ ለሚመጣ ሰው ደግሞ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከከተማው እስከ ውሃው ዳር በእግር ሁለት ወይም ሦስት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። መንገዱ በእርሻና በመንደር መካከል ያልፋል። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ስላለው አየሩ ወይና ደጋ ነው፤ ጧት ቀዝቀዝ፣ ቀትር ላይ ሞቅ ይላል። ስለዚህ መንገደኛው በማለዳ ቢነሣ ይሻለዋል። ወፎቹም በብዛት የሚታዩት ያን ጊዜ ነው።

ሐይቁ ወደ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት አለው። ጥልቀቱ ከዳር ሲያዩት አያስታውቅም እንጂ በጥልቁ ስፍራ ከ80 ሜትር ይበልጣል። በመሆኑም ዋና የማይችል ሰው ከዳር መራቅ የለበትም። ከሐይቁ በስተደቡብ ምሥራቅ ከፍ ብሎ አርዲቦ የተባለ ሌላ ሐይቅ አለ፤ ከእርሱም የሚወርደው ውሃ ወደ ሐይቅ ይገባል።

በምዕራቡ ዳርቻ ወደ ውሃው ገባ ብሎ የሚታየው በዛፍ የተሸፈነ ምድር የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ነው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በዚህ አስተምረዋል፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከተማሩባቸው ገዳማት አንዱ ይኸው ነው። የገዳሙ አለቃ ዐቃቤ ሰዓት እየተባለ በቤተ መንግሥት ትልቅ ሥልጣን የነበረው ሰው ነበር። የኢየሱስ ሞዓ ወንጌል በመባል የሚታወቀው ጥንታዊ የብራና መጽሐፍም የዚሁ ገዳም ሀብት ነው። ሴቶች ወደ ገዳሙ እንዲገቡ ሥርዓቱ አይፈቅድም፤ ይሁንና ከዳርቻው ሆኖ ማየት ለሁሉም ነው።

ይህ ምድር ቀድሞ ደሴት እንደነበረ ልብ ይሏል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በደሴት ላይ ያለ ገዳም አድርጎ ጽፎታል። ዛሬ ግን በደረቅ እግር ይገባበታል። የአገሩ ሰው ስለ ሐይቁ አፈጣጠር የሚናገረው ተረትም አለ። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ተበደለች፤ እግዚአብሔርም ተቆጥቶ ምድሩን ሁሉ ውሃ አደረገው፤ የተረፈው ሴትዮዋ የተቀመጠችበት ስፍራ ብቻ ነበር፤ እርሱም ገዳሙ ያለበት ደሴት ሆነ ይባላል። ውሃው ከፍርድ የመጣ ነው ማለታቸው ነው። በውሃው ላይ በደል እንዳይፈጸም መጠበቅ ግን የእኛ የዛሬዎቹ ሰዎች ፈንታ ነው።

መውጫ የሌለው ውሃ

ሐይቅ ወንዝ ይገባበታል እንጂ በገጸ ምድር የሚወጣለት ወንዝ የለም። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ዋናው ነገር ግን እርሱ ነው። በክረምት ጎርፍ ከተራቆተው ኮረብታና ከታረሰው ተዳፋት ጠርጎ ያመጣውን አፈር የሚያስወጣበት በር የለውም። የገባው አፈር እዚያው ይቀመጣል። የገባው ማዳበሪያ፣ የተባይ መድኃኒትና የከተማ ቆሻሻም እንዲሁ ነው።

ለውጡ በውሃው መልክ ላይ ታይቷል። ቀድሞ ሐይቁ እጅግ የጠራ እንደነበረ ያጠኑት ሰዎች መዝግበዋል። በ1970 ዓ.ም. ገደማ ቆሮሶ የተባለው ዓሣ ከተጨመረበት በኋላ ግን በውሃው ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ፍጥረታት ተለዋወጡ፤ አረንጓዴ አልጌ በዛ፤ ጥራቱም ቀነሰ። ይህ ሲባል ዓሣው ጥቅም አልሰጠም ማለት አይደለም። ለዳርቻው ነዋሪ ምግብና ገቢ ሆኗል፤ መንገደኛውም ከጉዞው በኋላ በዳርቻው የተጠበሰ ዓሣ ይበላል። ነገሩ የሚያስተምረው ግን መውጫ በሌለው ውሃ ላይ የሚደረግ ማናቸውም ነገር ውጤቱ እዚያው እንደሚቀር ነው።

በሌላው አገር የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። የሐረርን ከተማ ያጠጣ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደርቆ ነበር፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው ውሃ የተመለሰበት። በጣና ላይም ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ እምቦጭ ገበሬውንና ዓሣ አጥማጁን አስጨንቋል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚለው አነጋገር በሐይቅ ልጅ ላይ እንዳይደርስ ከአሁኑ ማሰብ ይገባል።

የእግር መንገድ ለልማት

ታዲያ ይህ ሁሉ ከእግር ጉዞ ጋር ምን አገናኘው? የሚያገናኘው የዳርቻው መሬት ነው። እርሻ እስከ ውሃው ከንፈር ሲገፋ እግረኛው መሄጃ ያጣል፤ ከብቱ ውሃ መጠጫ ያጣል፤ አፈሩም ያለ ከልካይ ወደ ውሃው ይገባል። በውሃውና በማሳው መካከል ሣርና ዛፍ ያለበት ጠባብ መሬት ቢተው ግን ሦስቱም ይጠቀማሉ። ሣሩ ጎርፉን ያዘገየዋል፤ አፈሩን ያስቀረዋል፤ እግረኛውም በጥላ ሥር ይሄዳል። ለእግር የተመቸ ዳርቻ ለሐይቁም የተመቸ ነው ማለት ነው።

ነገር ግን ያን መሬት የሚተወው ገበሬ ነው። የአንድ ቤተሰብ ማሳ ጠባብ በሆነበት አገር ጥቂት ክንድ መሬት ቀላል አይደለም። የ1965ና የ1977 ዓ.ም. ረሀብ በደረሰበት በወሎ ምድር ስለ መሬት የሚያወራ ሰው ይህን መርሳት የለበትም። ስለዚህ ገበሬው ተው ከመባሉ በፊት ምን እንደሚያገኝ ሊነገረው ብቻ ሳይሆን በእጁ ሊገባለት ይገባል። ሣሩን እያጨደ ለከብቱ ቢወስድ፣ ደሾ ሣር ወይም የሚበላ ፍሬ የሚያፈራ ዛፍ ቢተክል፣ ልጁ ጎብኝ እየመራ የድካሙን ቢያገኝ፣ ባለቤቱ ቡናና እንጀራ ብትሸጥ ዳርቻው ከማሳው ያላነሰ ይሰጠዋል። ይህ ካልሆነ ግን ክልከላው በወረቀት ላይ ይቀራል፤ ማረሻው በሚቀጥለው ክረምት ተመልሶ ይገባል።

የላይኛውም ሥራ ከታችኛው አይለይም። የወሎ ገበሬ እርከን መሥራትን ያወቀው ዛሬ አይደለም፤ በረሀቡ ዘመን ለሥራ በሚሰጥ እህል፣ ቆይቶም በየዓመቱ በበጋ በሚደረገው የተፋሰስ ሥራ ብዙ ተራራ በእጁ ሸንሽኗል። እርከን ግን ካልተጠገነ ይናዳል። ከአርዲቦ እስከ ሐይቅ ያለው ተዳፋት እየተጠገነ ካልተጠበቀ የታችኛው ሣር ብቻውን ጎርፉን አያቆመውም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ የላይኛው መንደር፣ የታችኛው መንደር፣ ገዳሙና ከተማው በአንድነት ካልያዙት የሚሳካ አይሆንም።

ለሚሄድ ሰው

አካባቢው በ2014 ዓ.ም. በጦርነት አልፏል፤ ከዚያም በኋላ በክልሉ ጸጥታው ያልተረጋጋበት ጊዜ ነበር። ስለሆነም ማንም ሰው ከመነሣቱ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከአገሩ ሰው ጠይቆ ይነሣ። የተሻለው ወራት ዝናቡ ካቆመ በኋላ ያለው ነው፤ አደይ አበባ ባለበት ጊዜ አገሩ ያምራል። የማያንሸራትት ጫማ፣ ባርኔጣና የሚጠጣ ውሃ መያዝ ይበቃል። በሰው ማሳ ውስጥ አቋርጦ መሄድ ነውር ነው፤ በድንበሩ ዞሮ መሄድ ይገባል። ላስቲክና ጠርሙስ ይዞ የመጣ ይዞት ይመለስ፤ ይህ ውሃ የሚያስወጣበት በር እንደሌለው አይርሳ። መንገድ ላሳየ ልጅና ቤቱን ለከፈተ ሰው የሚገባውን መስጠትም የጉዞው አንድ ክፍል ነው።

በውጫሌ አንድ ቃል በሁለት ቋንቋ ሳይስማማ ቀርቶ አገር ለጦርነት ተነሥቷል። በሐይቅ ዳርም ገበሬው፣ ጎብኝውና መሥሪያ ቤቱ ዳርቻ ሲሉ አንድ ነገር ማለታቸውን አስቀድመው ቢስማሙ መልካም ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ሥራ ነው፤ ለሥራው ደግሞ የወሎ ገበሬ እንግዳ አይደለም።