የክለብ ማሊያ ዋጋ

የክለብ ማሊያ ዋጋ አንድ የስፖርት ቡድን በስሙና በአርማው እንዲሸጥ የፈቀደው መለያ ልብስ ለደጋፊው የሚቀርብበት የገንዘብ መጠን ነው። ዋጋው የጨርቁንና የስፌቱን ወጪ ብቻ ሳይሆን የአርማ ፈቃድ ክፍያን፣ የማጓጓዣን፣ የቀረጥና የታክስን፣ እንዲሁም የጅምላና የችርቻሮ ነጋዴን ትርፍ ይይዛል። በዚህ ምክንያት በመልክ የሚመሳሰሉ ሁለት ማሊያዎች በአንድ ገበያ ውስጥ እጅግ በተራራቀ ዋጋ ሊሸጡ ይችላሉ።

የዋጋው ክፍሎች

አብዛኛው ማሊያ ከፖሊስተር ጨርቅ ይሠራል። የጨርቅ፣ የቀለም ኅትመትና የስፌት ወጪ ከመጨረሻው ዋጋ አነስተኛ ድርሻ ነው። አምራቹ በክለቡ አርማ ለመጠቀም ለክለቡ ወይም ለሊጉ የፈቃድ ክፍያ ይከፍላል፤ ይህም በዓለም ገበያ በተለምዶ ከጅምላ ዋጋው ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው። ቸርቻሪው ደግሞ በጅምላ የገዛበትን እስከ እጥፍ አድርሶ መሸጡ የተለመደ ነው።

የትእዛዙ ብዛትም ዋጋውን ይወስናል። ለምሳሌ ለንድፍና ለኅትመት ዝግጅት 50,000 ብር ቢወጣ፣ 100 ማሊያ ብቻ ከተሠራ በእያንዳንዱ ላይ 500 ብር ይጨመራል። 5,000 ከተሠራ ግን ጭማሪው 10 ብር ብቻ ይሆናል። ብዙ ደጋፊ የሌለው ክለብ ማሊያውን በርካሽ ማቅረብ የሚከብደው በዚህ ምክንያት ነው።

የቤዝቦል ተሞክሮ

በአሜሪካ ዋናው የቤዝቦል ሊግ 30 ቡድኖች አሉት። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ የሊጉ ይፋዊ መለያ አቅራቢ ናይኪ ሲሆን፣ ማሊያውን የሚያመርተው ፋናቲክስ ነው። ማሊያው በደረጃ ተከፍሎ ይሸጣል፤ ለተራ ደጋፊ የሚሠራው ከ100 ዶላር በላይ ሲሆን፣ ተጫዋቾች ሜዳ ላይ የሚለብሱት ዓይነት ከ300 ዶላር ያልፋል። ፈቃዱን የሚሸጠው ሊጉ በማዕከል ስለሆነ፣ ከፈቃድ የሚገኘውን ገቢ ቡድኖቹ እኩል ይካፈላሉ። በኢትዮጵያ ግን ክለቦች ከአቅራቢ ጋር የሚዋዋሉት በየግላቸው ነው።

በኢትዮጵያ

ማሊያ በኢትዮጵያ በዋናነት የእግር ኳስ ልብስ ነው። ብሔራዊ ቡድኑ በ2005 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ የአዲዳስን፣ በ2014 ዓ.ም. በካሜሩን ደግሞ የአምብሮን ማሊያ ለብሷል። ከአገር ውስጥ አምራቾች ጎፈሬ ለበርካታ የፕሪሚየር ሊግ ክለቦች ማሊያ በማቅረብ ይታወቃል።

ከውጭ በሚገባ ማሊያ ላይ ግብሩ ተደራራቢ ነው። አገር ውስጥ እስኪደርስ 1,000 ብር የፈጀ ልብስ 35 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ሲከፈልበት 1,350 ብር ይሆናል። በዚህ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታከል 1,552.50 ብር ይደርሳል። 10 በመቶው ሱር ታክስ የሚሰላው በዚህ ድምር ላይ ስለሆነ በእነዚህ ሦስት ግብሮች ብቻ ዋጋው 1,707.75 ብር ይደርሳል። የነጋዴው ትርፍ የሚጨመረው ከዚህ በኋላ ነው።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ቀረጡ የሚሰላው በብር በተተመነው ዋጋ ላይ ስለሆነ፣ ዶላር ሲወደድ የሚከፈለው ግብርም አብሮ ይጨምራል። አገር ውስጥ የሚሰፋ ማሊያም ጨርቁና ቀለሙ ከውጭ የሚገቡ ከሆነ ከዚህ ጭማሪ አያመልጥም።

በጣና ዙሪያ

በጣና አካባቢ ብዙ ደጋፊ ያላቸው ሁለት ክለቦች «የጣና ሞገዶቹ» የሚባለው ባሕር ዳር ከነማ እና «አፄዎቹ» የሚባለው የጎንደሩ ፋሲል ከነማ ናቸው። ባሕር ዳር ከነማ በ2010 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊግ አድጓል፤ ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ አንሥቷል። የክለብ ማሊያ በቀላሉ የሚገኘው በክለቡ መቀመጫ ከተማ ነው። በሐይቁ ምዕራባዊ ዳርቻ ወዳለችው የጣቁሳ ወረዳ ከተማ ወደ ደልጊ ለሚደርስ ዕቃ ግን የመኪና ወይም የጀልባ ኪራይና የአንድ ተጨማሪ ነጋዴ ትርፍ ይታከልበታል። በመሆኑም በትንንሽ ከተሞች ኦርጅናሉ ማሊያ ከዋናው ከተማ ይልቅ ሊወደድ ይችላል።

አስመስሎ የተሠራ ማሊያ

አስመስሎ የተሠራ ወይም «ኮፒ» የሚባለው ማሊያ የሚረክሰው የፈቃድ ክፍያ ስለሌለበትና ብዙ ጊዜም ጨርቁ ሳሳ ያለ ስለሆነ ነው። በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የተመዘገበ የንግድ ምልክትን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በዕቃ ላይ አትሞ መሸጥ የተከለከለ ነው። ሆኖም ለብዙ ደጋፊ የኦርጅናሉ ዋጋ ከአቅም በላይ ስለሚሆን ኮፒው ገበያ አያጣም።

ጉዳቱ የሚያርፈው በክለቡ ላይ ነው። አብዛኞቹ የኢትዮጵያ ክለቦች የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደር ወይም በመንግሥት ተቋም በጀት ስለሆነ፣ የማሊያ ሽያጭ ከጥቂት የራሳቸው የገቢ ምንጮች አንዱ ነው። ከኮፒ ሽያጭ ክለቡ ምንም አያገኝም። በሌላ በኩል ክለቡ ከእያንዳንዱ ማሊያ ብዙ ለማትረፍ ዋጋውን ከፍ ባደረገ መጠን ደጋፊውን ወደ ኮፒው ይገፋዋል። ስለዚህ ከክለብ ማሊያ የሚገኘው ገቢ በአንዱ ዋጋ ብቻ ሳይሆን በዚያ ዋጋ ሊገዛ በሚችለው ደጋፊ ብዛትም ይወሰናል።