በሌለ አገር ቋንቋ የተዘፈነ ሸክላ

መጀመሪያ ስሰማው ጀርመንኛ መስሎኝ ነበር። ጀርመንኛ የሚችል ወዳጄን ጠርቼ «እስቲ ምን እያሉ ነው?» ብዬ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደቀንኩበት። ጥቂት አዳመጠና ግንባሩን ቋጠር አድርጎ «ድምፁ የጀርመን ነው፤ ቃሉ ግን የማንም አይደለም» አለኝ። እውነቱን ነው። ቋንቋው ኮባያንኛ ይባላል። የሚነገረው ኮባያ በምትባል ፕላኔት ላይ ሲሆን ፕላኔቷ ያለችው ክሪስቲያን ቫንደር በተባለ ፈረንሳዊ ድራም መቺ ሐሳብ ውስጥ ብቻ ነው።

ሸክላው «መካኒክ ዴስትሩክቲቭ ኮማንዶ» ይሰኛል። ማግማ የተባለው የፈረንሳይ ባንድ በ1973 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያወጣው ሦስተኛ አልበም ነው። ስሙ ለአፍ ስለሚያስቸግር ወዳጆቹ «ኤም ዲ ኬ» እያሉ ያሳጥሩታል። ርዝመቱ ወደ 39 ደቂቃ ነው። በሰባት ክፍል ቢቆራረጥም ከአንዱ ወደ ሌላው ሳያቋርጥ ስለሚፈስ እንደ አንድ ድርሰት መስማቱ ይሻላል።

ቫንደር በ1948 ተወለደ። አሳዳጊ አባቱ ሞሪስ ቫንደር የታወቀ የጃዝ ፒያኖ ተጫዋች ስለነበር ልጁ ያደገው ጃዝ ሲሰማ ነው። ከሁሉ በላይ ግን የሚያመልከው አሜሪካዊውን የሳክስፎን ተጫዋች ጆን ኮልትሬንን ነበር። ኮልትሬን በሐምሌ 1967 በ40 ዓመቱ ሲሞት ወጣቱ ድራም መቺ ፓሪስን ጥሎ ወደ ጣሊያን ሄደ። ማግማን የመሠረተው በ1969 ከተመለሰ በኋላ ነው። የኮልትሬን አድናቂ ስለሆነ ረጅም የሳክስፎን ፍልሚያ የሚጠብቅ ሰው ያዝናል፤ በዚህ ሸክላ ላይ እያንዳንዱ ተጫዋች በየተራ ችሎታውን የሚያሳይበት ቦታ የለም ማለት ይቻላል። ለእኔ ቫንደር ከኮልትሬን የወረሰው አጨዋወቱን ሳይሆን ጸሎቱን ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በ1970 በወጣው የመጀመሪያው አልበም ምድር ያስመረረቻቸው ሰዎች በመንኮራኩር ተሳፍረው ኮባያ ላይ ይሰፍራሉ። በ«ኤም ዲ ኬ» ደግሞ አንድ ነቢይ ይነሣል። ለምድር ሰዎች መዳኛቸውን ሲነግራቸው ሕዝቡ በቁጣ ይዘምትበታል። ነገር ግን ሰልፈኛው መንገድ ላይ ሳለ አንድ በአንድ ልቡ እየተመለሰ ከነቢዩ ጋር መዘመር ይጀምራል። የነቢዩ ስም ነቤር ጉዳት ነው። ለአማርኛ ጆሮ «ጉዳት ነበር» የተባለ ይመስላል። ፈጽሞ አጋጣሚ ነው፤ እኔን ግን ያስቀኛል።

ሴት መዘምራን በሸክላው ላይ ትልቅ ቦታ የሚይዙትም በዚሁ የሰልፍ ታሪክ ምክንያት ነው። በተለመደው የሮክ ዘፈን ተቀባይ የሚገባው አዝማቹን ለማድመቅ ነው። እዚህ ግን በስቴላ ቫንደር የሚመራው ኅብረ ድምፅ ራሱ ሰልፈኛው ሕዝብ ነው። አቀንቃኙ ክላውስ ብላስኪዝ ሲያወጣ እነሱ ይቀበላሉ፤ ቆይተው ደግሞ ከእጁ ይነጥቁታል። «ዳ ዞይል ዎርትዝ መካኒክ» የተባለውን የስምንት ደቂቃ ያህል ክፍል ልብ ብላችሁ ስሙት። አንዲት አጭር ሐረግ ትመጣለች፣ ትደገማለች፣ እንደገና ትደገማለች። አድማጭ ሊሰለች ሲል ከሥር ድራሙ ምቱን ያዞራል፣ ያችው ሐረግም ሌላ መስላ ትመጣለች። ቀጥሎ በነቢዩ ስም የተሰየመው ክፍል ይገባል፤ የአንድ ሰው ድምፅ ከማጉረምረም ተነሥቶ ወደ ጩኸት ሲወጣ ሙሾ የሚያወጣ ሰው እንጂ ዘፋኝ አይመስልም።

ከሥር የሚያጓራው የቤዝ ጊታር ድምፅ የዣኒክ ቶፕ ነው። ቶፕ ቼሎ የተማረ ሰው ነበር፤ ስለዚህ የቤዙን ክሮች ሌላው ሰው እንደሚያደርገው በአራተኛ ርቀት አልቃኛቸውም። እንደ ቼሎ በአምስተኛ ርቀት፣ ዶ፣ ሶል፣ ሬ፣ ላ አድርጎ ቃኛቸው። ከተለመደው ቤዝ በታች የሚወርደው ያ ጉርምርምታ ከዚህ ቅኝት የመጣ ነው።

ቀረጻው በአብዛኛው የተካሄደው እንግሊዝ አገር ኦክስፎርድሻየር ውስጥ ማነር በተባለ የገጠር ቤት ስቱዲዮ ነው። ፕሮዲዩሰሩ ቀደም ሲል ከሮሊንግ ስቶንስና ከያርድበርድስ ጋር የሠራው ጆርጂዮ ጎሜልስኪ ነበር። በዚያው ቤት የተቀረጸው የማይክ ኦልድፊልድ «ቱቡላር ቤልስ»ም የወጣው በዚያው ዓመት ነው። እሱ በሚሊዮን ሲቸበቸብ ማግማ ከጥቂት ወዳጆቹ ጋር ቀረ።

ቋንቋ መፍጠር ለምን አስፈለገ? ቫንደር ፈረንሳይኛ ለሙዚቃው ስለማይመቸው ነው ይላል፤ ቃላቱ ከዜማው ጋር አብረው የመጡለት ናቸው። ግዕዝ ሳናውቅ ቅዳሴ እየሰማን ላደግን ሰዎች ይህ ብዙም እንግዳ አይደለም። ቃሉ ባይገባንም መቼ ልመና፣ መቼ ምስጋና እንደሆነ ከዜማው እናውቅ ነበር።

ሸክላውን ያልወደዱት ምክንያት አያጡም። የባንዱ ጥቁር ልብስ፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል አርማ፣ የሰልፍ ምት፣ ጀርመንኛ የሚመስል ጩኸት ሲደማመር አውሮፓዊን የናዚዎችን ክፉ ዘመን ያስታውሰዋል። እኔም ብሆን የመጀመሪያዎቹን ዘጠኝ ተኩል ደቂቃዎች በትዕግሥት ነው ያለፍኳቸው። የካርል ኦርፍን የመዘምራን ድርሰት «ካርሚና ቡራና»ን የሚወድ ሰው ግን በአምስተኛው ደቂቃ ቤቱ የገባ ያህል ይሰማዋል።

ከዚህ ሸክላ «ዞይል» የተባለ አንድ ሙሉ የሙዚቃ ስልት ተወለደ። ቃሉ ኮባያንኛ ነው፤ «ሰማያዊ» (ቀለሙ ሳይሆን የሰማይ የሆነ) ማለት ነው ይባላል። ፈረንሳይ ውስጥ ኤስካቶን የተባለው ባንድ በ1981 «አራት ራእዮች» የሚል ሥራ በካሴት ሲያወጣ ሁለት ሴቶች የነቢዩን ሰልፍ ወደ ፈረንሳይኛ መልሰው ዘፈኑት ያሰኛል። ጃፓን ውስጥ ደግሞ ድራም መቺው ታትሱያ ዮሺዳ ሩዊንስና ኮኤንጂ ህያኬይ በተባሉት ባንዶቹ የራሱን የሌለ ቋንቋ እየፈጠረ ያስዘፍናል።

ከአድናቂዎቹ ሁሉ የሚያስገርመኝ ግን እንግሊዛዊው ስቲቭ ዴቪስ ነው። በስኑከር (በጠረጴዛ ላይ በዱላ የሚመታ የኳስ ጨዋታ) ስድስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ፣ በቴሌቪዥን ዝምተኛ በመሆኑ የሚቀለድበት ሰው ነው። በ1988 ራሱ አዘጋጅ ሆኖ ማግማን ለንደን አምጥቶ አስጫወተ። ዛሬ ዱላውን ሰቅሎ ራሱ ባንድ ውስጥ ሲንተሳይዘር ይጫወታል።